የውሃ ውስጥ ብረት መፈለጊያ የኮይል መጠን አመራረጥ (ጎንደር)

ኮይል በብረት መፈለጊያው (ዲቴክተር) ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ወይም ሞላላ ሳህን ሲሆን ስፋቱ በኢንች ይለካል። በጎንደርና በአካባቢዋ ውሃው ከደረት ለማያልፍበት፣ የሚፈለገውም ቀለበት፣ ሐብልና የአንገት መስቀል ለሆነበት ሥራ ከ5 እስከ 11 ኢንች ይበቃል።

ትልቅ ኮይል በጥልቀት የተቀበረ ትልቅ ዕቃ ያገኛል፤ በቀጭን ቀለበት ላይ ግን ደካማ ነው። ከዚህም በላይ ውሃ ውስጥ ይከብዳል፦ የመወዝወዙ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የውሃው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ኢንች የሚሆነው ወገብ በደረሰ ውሃ ውስጥ ክንድ ይጨርሳል። ተንሳፋፊ ከሆነ ማክበጃው በዘንጉ ላይ፣ ከኮይሉ ራቅ ብሎ ይታሰር፤ ቢጠጋ ኮይሉ ማክበጃውን ራሱን ያነባል።

የአካባቢው ትልቁ ምሳሌ የፋሲል መዋኛ ነው። ግንባታው የአፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) መሆኑን ጎንደሬ አይጠራጠርም፤ ለቀዳማዊ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ። ገንዳው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ከግንቡ ጫፍ ዘሎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከጣትና ከአንገት የሚወልቀው ጌጥ ደለል ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ባለ ደለል ውስጥ ደግሞ ሚስማርና ቆርኪ አይጠፋም። 11 ኢንች ኮይል በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያሉትን ሚስማርና ቀለበት በአንድ ላይ ስለሚያነብ የብረቱ ድምፅ የወርቁን ይሸፍነዋል። 5 ወይም 6 ኢንች ይለያቸዋል፤ በድንጋይ መካከልም ይገባል። ጥቁሩ የጎንደር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ሰፊ ኮይልን ያለ ዕቃ ያስጮኸዋል፤ ትንሽ ኮይል የሚያነበው መሬት ጠባብ ስለሆነ ረጋ ይላል። ለዚህ ቦታ የሚመረጠው 6 ኢንች፣ ቢበዛ 8 ነው፤ አሠራሩም ድርብ ዲ (በውስጡ በ«D» ቅርጽ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ያሉት) ቢሆን ይሻላል።

ይሁን እንጂ መዋኛው ከፋሲል ግቢ ጋር ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ አይቻልም፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል ይነገራል። ለወደቀ ጌጥም ቢሆን አስተዳደሩን ሳያስፈቅዱ መሣሪያ ይዞ መግባት አይገባም።

በጎርጎራ በኩል ያለው የጣና ዳርቻ ሰፊና ገላጣ በሆነበት 10 ወይም 11 ኢንች ጊዜ ይቆጥባል። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ የባሕር ዳርቻ ፈላጊዎችን የሚያስቸግረው የጨው ጩኸት እዚህ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን መጠኑ አይደለም። የኮይሉ ሽፋን ውስጥ የገባ ጥቁር አሸዋ የውሸት ድምፅ ይሰጣል፤ ሽፋኑ ወልቆ ይታጠብ። በዘንጉ ላይ የላላ ኬብል በውሃ እየተገፋ እንዲሁ ያስጮኻል፤ እስከ ኮይሉ ድረስ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ኮይሉ ውሃ የማያስገባ ሆኖ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚያስገባ ሞዴል ብዙ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ሁለቱም ይጠየቁ። ማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800 እስከ 3 ሜትር ይገባል፤ 6፣ 11 እና 15 ኢንች ኮይሎችን ይቀያይራል። የዚሁ ኩባንያ የውሃ ውስጥ ሞዴል የሆነው ኤክስካሊበር ኮይል ግን ከሳጥኑ ጋር በፋብሪካ የተያያዘ ነው፤ 8 ወይስ 10 ኢንች የሚለው ሲገዛ ይወሰናል።