ዶውሰን፦ ከነቤቷ የተሸጠችው የከሰል ከተማ

ዶውሰን በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ የነበረች የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ጆን ባርክሌይ ዶውሰን ከተባለ ከብት አርቢ ነው። ሰውየው በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቨርሜሆ ሸለቆ መሬት ገዛ። በኋላ ከመሬቱ ሥር ከሰል ተገኘና በ1901 አብዛኛውን ሸጠው። በ1906 ደግሞ ፌልፕስ ዶጅ የተባለው ትልቅ የመዳብ ኩባንያ ማዕድኑን ከነከተማው ጠቀለለው። ኩባንያው ለመዳብ ማቅለጫዎቹ ከሰል በብዛት ይፈልግ ነበር።

ሠራተኛ ለመሳብና ለማቆየት ኩባንያው ገንዘብ አልሰሰተም። ሆስፒታል፣ ቲያትር ቤት፣ መዋኛ፣ የጎልፍ ሜዳ ሳይቀር ሠራ። ጣሊያኑ፣ ግሪኩ፣ ሜክሲኳዊው፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው ሁሉ እዚያ ከተመ። ነዋሪው ወደ 6,000 ደረሰ። ግን ቤቱም ሱቁም የኩባንያው ነው። ሥራህን ካጣህ ቤትህንም አጣህ ማለት ነው።

ጥቅምት 22 ቀን 1913 በሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ 286 ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ማዕድኑ ፈነዳ። በሕይወት የወጡት 23 ብቻ ናቸው፤ 263ቱ አለቁ። ለማዳን ከገቡትም ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ ጣሊያናውያን ነበሩ። በአሜሪካ የማዕድን ታሪክ ከዚህ የባሰ አደጋ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1907፣ በዌስት ቨርጂኒያዋ ሞኖንጋ።

የፍንዳታው መነሻ ሰዎች ውስጥ እያሉ የተተኮሰ ድማሚት ነው። ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር። የከሰል አቧራ በአየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘው እንደ ባሩድ ይፈነዳል። አንዱ ፍንዳታ ሌላ አቧራ ያስነሳል፣ እሱም ተራውን ይቀጣጠላል። እሳቱ በዋሻው ሁሉ የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች ይህን ከዚያ በፊትም ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። አደጋውን ዕጣ ፈንታ ብሎ ማለፍ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ሰቆቃው ተደገመ። የካቲት 8 ቀን 1923 በአንደኛው ጉድጓድ የማዕድን ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። የኤሌክትሪክ ብልጭታ አቧራውን አቀጣጠለና 120 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል አባቶቻቸውን በ1913 የቀበሩ ልጆች ነበሩበት። ባሏን ቀብራ ልጇንም የቀበረች እናት ምን ብለው ያጽናኗታል?

ሥራው ግን ቀጠለ። በ1930 በዚህችው ከተማ ከአንድ ማዕድን ቆፋሪ የተወለደችው ዶሎሬስ ሁዌርታ፣ በኋላ ከሴሳር ቻቬዝ ጋር የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሥርታለች። የአሜሪካ ሠራተኞች እስከ ዛሬ ስሟን በአክብሮት ያነሳሉ።

ባቡሮች ወደ ናፍጣ ሲዞሩ የከሰል ገበያው ቀዘቀዘ። በሚያዝያ 1950 ኩባንያው ማዕድኑን ዘጋ። ከተማዋ እንዳለች ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠች። ቤቶቹ ገሚሱ ፈረሱ፣ ገሚሱ ተነቅለው ተወሰዱ። መሬቱም ተመልሶ የከብት ግጦሽ ሆነ።

ያልተሸጠው መቃብሩ ነው። ከ350 በላይ ነጫጭ የብረት መስቀሎች ቆመውበታል፤ በ1992 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍሯል። የቀድሞ ነዋሪዎችና ልጆቻቸው በየሁለት ዓመቱ በመስከረም መግቢያ፣ በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ሰሞን፣ ከያሉበት ተጠራርተው እዚያው ይገናኛሉ።