ከስራ ሰዓት ውጭ ስለ ስራ ማሰብ፦ በብዛት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ላይ አመሻሽ ሆኖ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ስለ ስራው የሚያወራ ሰው ብዙም አይወደድም። «አቦ፣ ስራህን እዛው ተወው!» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ይህን ምክርና መሰል አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከስራ ከወጣህ በኋላ ስለ ስራ ማሰብ ሁሉ ይጎዳል»

ወሳኙ የምናስበው ምን ዓይነት ነገር ነው የሚለው ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳቢነ ዞነንታግ አእምሮን ከስራ ማላቀቅ ለእረፍት እንደሚጠቅም በተደጋጋሚ አሳይተዋል። እሳቸው ራሳቸው ግን ከካርመን ቢነቪስና ከኤቫ ሞይዛ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ሌላም ነገር አገኙ። ሰራተኞችን ለስድስት ወር ተከታተሉ። በትርፍ ጊዜያቸው የስራቸውን ጥሩ ጎን የሚያስቡት በራስ ተነሳሽነት፣ አዲስ ሐሳብ በማምጣትና ባልደረባን በመርዳት ተሻሽለው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተሙ ሦስት የዕለት ማስታወሻ ጥናቶችም እንዲህ ዓይነቱን ማሰብ ከተሻለ ስሜት ጋር አያይዘውታል።

«ሐሳቡ ሲመጣ በግድ ማባረር ነው»

አይሰራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ነበር፤ ድቡ ደጋግሞ መጣባቸው። ያላለቀ ስራ ከሆነ የሚያስቸግራችሁ፣ ነገ ከየት እንደምትጀምሩ በአንድ መስመር ጻፉት። ተመራማሪዎቹ ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ቁርጥ ያለ እቅድ የወጣለት ጉዳይ ጭንቅላት ውስጥ መመላለሱን ይቀንሳል።

«ማማረር ያቀላል፤ ሲወራ ይወጣል»

ይሄኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛ ከተማ በብዛት የማየው እሱን ነው። ጫት ሲቃም፣ በርጫ ላይ፣ አንዱ ስለ አለቃው ይጀምራል። ሌላው «ያንተስ ይሻላል» ብሎ የራሱን ያመጣል። ምርቃናው ሲመጣ ጨዋታው ይደምቃል። አለቃ የተናገረው አንድ ቃል ደጋግሞ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥርም ይከብዳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍ ያሸሻል። ሰውየው ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያ ቃል አብሮት አለ።

ችግርን ለወዳጅ መንገር መልካም ነው፤ ማንም አይከልክላችሁ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ማርክ ክሮፕሊ ከስራ በኋላ የሚመጡ ሐሳቦችን ሲለዩ፣ በስሜት መብሰልሰልን ለብቻው፣ መፍትሔ መፈለግን ለብቻው አስቀምጠዋል። ከድካምና ከእንቅልፍ መጥፋት ጋር ይበልጥ የተያያዘው መብሰልሰሉ ነው። ጓደኛችሁ «እሺ፣ ነገ ምን ልትለው አሰብክ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ወሬው መስመር ያዘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ያላችሁ፣ ያዙት።

«በጎ ነገር ለማሰብ ትልቅ ስኬት ያስፈልጋል»

ተመራማሪዋ ጆይስ ቦኖና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የጤና ተቋም ሰራተኞች ማታ ማታ በዕለቱ ጥሩ የሄደውን ነገር፣ ለምን ጥሩ እንደሄደም ጭምር፣ እንዲጽፉ ተደረገ። ጭንቀታቸውም የሕመም ስሜታቸውም ቀነሰ። የጻፉት ተራ የቀን ውሎ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት እናስብ። አንድ ደንበኛ ጨቅጭቋታል፣ መብራት ጠፍቶባታል። ለሠርግ የታዘዘው ቀሚስ ሲለካ ግን አንገቱ አንድ ቦታ እንኳ ሳይሸበሸብ ቁጭ አለ። ደንበኛዋ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፣ ፈገግ አለች። ማታ እራት ላይ የሚነሳው መብራቱ ብቻ ከሆነ ያ አንገት ተረሳ። «ጨርቁን ከመስፋቴ በፊት ስለተኮስኩት ነው እንዲህ ያማረው» ብላ ለልጇ ብትነግራት ግን እጇ የሰራውን ራሷም ትሰማዋለች። ያቺ «ስለ» ትልቅ ናት። ጥሩው ነገር በዕድል ብቻ እንዳልመጣ፣ ነገም ሊደገም እንደሚችል ታሳያለች።

«በጎ በጎውን ካሰብክ ሌላው ይስተካከላል»

ይህን የሚሉ አሰሪዎች ያናድዱኛል። በጎ ማሰብ የደሞዝም የእረፍትም ምትክ አይሆንም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየሰባት ቀኑም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል። በእረፍት ቀኑ ስልክ ሲደወልለት የሚውል ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ እረፍት ነው።

ደግሞም ለሳምንታት ማታ ማታ ፈልጋችሁ አንድም ጥሩ ነገር ካጣችሁ፣ ራሳችሁን «አሉታዊ ሰው ነኝ» ብላችሁ አትውቀሱ። ምናልባት ስራው ራሱ ነው ችግሩ። ፈረቃ ስለመቀየር አለቃን ማነጋገር ወይም ሌላ ስራ ማፈላለግ ያኔ ተገቢ ነው።