በፍለጋ ገጽ ላይ ስለሚወጡ ማስታወቂያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከላይ የወጣው ውጤት ትክክለኛው ነው።»
ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እምነት ነው። በጉግል የፍለጋ ገጽ አናት ላይ እስከ 4 ማስታወቂያዎች ሊደረደሩ ስለሚችሉ፣ በስልኩ የሚፈልግ ሰው ገጹን ወደ ታች ሳያንሸራትት የሚያያቸው ውጤቶች ሁሉ የተከፈለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ዲቪ ለመሙላት የሚፈልግን ሰው እንውሰድ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የሚቀበለው አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» በሚያበቃው በራሱ ድረ ገጽ ብቻ ነው። በማስታወቂያ ከላይ የወጣ የግል ድርጅት ቅጹን እሞላለሁ ብሎ የአገልግሎት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ የዕጣውን ዕድል ግን በምንም መንገድ ከፍ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ሊንኩን ከመጫን በፊት ከርእሱ ይልቅ አድራሻውን ማንበብ ይገባል።

«ማስታወቂያ ከሆነማ በግልጽ ይለያል።»
ምልክቱ መኖሩ እውነት ነው፤ ጎልቶ መታየቱ ግን ያጠራጥራል። ቀድሞ ማስታወቂያዎቹ ፈዘዝ ባለ ቀለም መደብ ላይ ይቀመጡ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. መደቡ ቀርቶ ትንሽ ቢጫ ምልክት መጣ፣ በ2016 ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ፣ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ወደ ጥቁር ጽሑፍ ተለወጠ። በዚያው ጊዜ ከመደበኛ (ማለትም ካልተከፈለባቸው) ውጤቶች አጠገብ የየድርጅቱ ትንሽ ዓርማ መታየት ስለጀመረ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ሆነ የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2013 ለፍለጋ ድርጅቶች በጻፈው ደብዳቤ የመለያ ምልክቶቹ እየደበዘዙ መምጣታቸውን ገልጾ ነበር። በእኔ እምነት ተጠቃሚው ሳያውቅ ማስታወቂያ ከተጫነ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም።

«ብዙ የከፈለ ሁልጊዜ ይቀድማል።»
ቦታው የሚወሰነው በእያንዳንዱ ፍለጋ ወቅት በቅጽበት በሚካሄድ ጨረታ ነው። በጨረታው ከቀረበው ዋጋ ጋር ማስታወቂያው ከተፈለገው ቃል ጋር ያለው ዝምድና፣ የመጫን ዕድሉ እና የሚያደርሰው ገጽ ጥራት አብረው ይመዘናሉ። በዚህም ምክንያት አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ነጋዴ ትልቁን ሊቀድም ይችላል፤ የሚከፍለውም በአብዛኛው ማስታወቂያው ሲጫን ብቻ ነው።

«ማስታወቂያ ያስነገረ ድርጅት በመደበኛው ውጤትም ከፍ ይላል።»
ጉግል ክፍያ በመደበኛው ደረጃ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ደጋግሞ አስታውቋል። ሆኖም ማስታወቂያዎች መደበኛውን ውጤት ወደ ታች ስለሚገፉት፣ ደረጃው ሳይነካ እንኳ የሚያገኘው ጠቅታ ሊቀንስ ይችላል።

«ከርእሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሁልጊዜ የገጹ ባለቤት ይጽፈዋል።»
በማስታወቂያ ላይ ይህ በአመዛኙ ልክ ነው፤ አስተዋዋቂው ለእያንዳንዱ ርእስ 30፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 90 ፊደላት ድረስ ተፈቅዶለት ጽሑፉን ያቀርባል። በመደበኛው ውጤት ግን ጉግል ለተፈለገው ቃል ይስማማል ያለውን ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ከገጹ ውስጥ ራሱ ይመርጣል። የገጹ ባለቤት ያዘጋጀው አጭር መግለጫ ደረጃ ባያሳድግም ከርእሱ ሥር ለሚታየው ቅንጫቢ ጽሑፍ ሊመረጥ ይችላል። በአማርኛ የሚጽፉ ወገኖቻችን ይህን መግለጫ ባዶ ባይተዉት እመኛለሁ፤ ባዶ ሲሆን ጥሩ ጽሑፍ ከገጹ በተቆረጠ ያልተያያዘ መሥመር ሊቀርብ ይችላልና፣ አንባቢም ከላዩ ያለውን በጥንቃቄ የተቀመረ ማስታወቂያ ይጫናል።