የአንድ ወገን ዲስቶርሽን ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ የጃፓን ሪሲቨር አለ። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን የያዘ፣ ፊቱ ብርማ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ዕቃ ነው። ለብቻ ሲያነሱት ወገብ ይፈትናል። ባለፈው ክረምት የግራው ድምፅ ተበላሸ። ቀኙ ማሲንቆውን ጥርት አድርጎ ሲያወጣው፣ ግራው ያንኑ ማሲንቆ አሸዋ የገባበት ያስመስለዋል።

አጎቴ «ስፒከሩ ተቃጥሏል» ብለው ፈረዱ። ተሸክመው ወስደው አስጠገኑት። ገንዘብ ከፈሉ፣ አምጥተው ገጠሙት፣ ያው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ገንዘብ ስለተቆጨሁ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ደግሞ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የአንድ ወገን ብልሽት ለመፈለግ ከሁሉም የሚቀለው ነው።

ዲስቶርሽን ማለት የድምፁ ሞገድ ቅርጹ ተበላሽቶ መውጣቱ ነው። የአምፕሊፋየር ሥራ የገባለትን ማጉላት ነው፤ ሌላ ነገር መጨመርም መቀነስም የለበትም። የሞገዱ ጫፍ ከተቆረጠ ወይም መሃሉ ላይ ከተሰበረ ጆሯችን ሻካራ፣ ስንጥቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ማነስ ወይም መጥፋት ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን አብረው ይመጣሉ።

«የአንድ ወገን» የሚለውን ለመረዳት እኔ ማኅሌት አስባለሁ። ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቀኙን ቀኝ ጌታው፣ ግራውን ግራ ጌታው ይመሩታል፤ ከሁለቱም በላይ መሪጌታው አሉ። ዜማው አንድ ነው፣ ረድፉ ሁለት። የግራው ረድፍ ብቻ ከዜማው ከወጣ መሪጌታውን አንጠረጥርም። የምናየው ግራውን ነው። እንዴት መሆን እንደነበረበት ለማወቅ ደግሞ ወደ ቀኙ ጆሯችንን እንሰጣለን።

ሪሲቨርም እንደዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ክፍል የጋራ ነው። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኝ የየራሳቸው ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ)፣ የየራሳቸው ካፓሲተር (ኮረንቲ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ)፣ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። መንገዶቹ መንታ ናቸው። ስለዚህ ደህነኛው ወገን ለታመመው መለኪያ ይሆነዋል።

ፍለጋው የሚጀምረው አንድም ብሎን ሳይፈታ ነው። ሪሲቨሩን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ። ከኋላ የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ አቀያይሩ፤ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ይግባ። ሽቦ እርስ በርሱ እንዳይነካካ ተጠንቀቁ፤ የተነካካ ሽቦ ይዞ ማብራት ደህናውን ትራንዚስተር ያቃጥላል። አሁን አብሩና ስሙ። ያው የድሮው ስፒከር አሁንም ከሻከረ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም የሽቦው ነው። ሻካራው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ግን ስፒከሮቹ ንጹሐን ናቸው። አጎቴ ቤት የሆነው ይኸው ሁለተኛው ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ቀጥሎ የሚገባውን መስመር እንዲሁ ማቀያየር ነው። ቴፕ ወይም ስልክ ከኋላ የሚሰካበትን ግራና ቀኝ ጃክ አዛውሩ። ብልሽቱ አብሮ ከተዛወረ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከቴፑ ነው። ሬዲዮው ደህና ሆኖ ቴፑ ብቻ ከሻከረም አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያው ነው።

ከዚያ እኔ በጣም የምወደው ፈተና አለ፤ የሞኖ ቁልፍ። ሞኖ ሲጫን ግራና ቀኝ ተደባልቀው ለሁለቱም ስፒከር እኩል ይሄዳሉ። ስትጫኑት ሻካራው ድምፅ በሁለቱም በኩል ከተሰማ ብልሽቱ ከሞኖ ቁልፉ በፊት ነው። በአንዱ ብቻ ከቀረ ከቁልፉ በኋላ ነው። አንድ ጣት ብቻ፣ የሪሲቨሩ ግማሽ ከጥርጣሬ ይወጣል።

አሁን እውነተኛዎቹን ጥፋተኞች እንያቸው። በአሮጌ ዕቃ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ማዞሪያዎችና ቁልፎች ናቸው። ዓመታት ሳይነኩ የቆዩ የቴፕ ሞኒተር፣ የባላንስና የድምፅ ቁልፎች ውስጣቸው ይዝጋል፣ አቧራም ይይዛል። ዕቃው ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከተሻሻለ ጥፋተኛው ተያዘ፤ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። የሞተር ዘይት ግን በፍጹም እንዳታስነኩት።

ሁለተኛው ሪሌይ ነው፤ በኮረንቲ ኃይል ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቁልፍ ማለት ነው። ሪሲቨሩ ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ «ጠቅ» የሚለው እሱ ነው። ስፒከሮቹን ከአደጋ ይጠብቃል። ድምፁ ሁሉ የሚያልፈው በውስጡ ባሉ ትንንሽ የብረት ምላሶች ነው፤ ምላሶቹ ከጠቆሩ ድምፁ ይሻክራል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ድምፁ ዝቅ ሲል ይሰነጠቃል ወይም ይጠፋል፣ ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ድንገት ይጠራል። ጠንከር ያለው ኮረንቲ ዝገቱን ጥሶ ስለሚያልፍ ነው።

ሦስተኛው ባያስ ይባላል። በእያንዳንዱ ወገን መጨረሻ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ሞገዱን ይካፈሉታል፤ አንዱ የላይኛውን ግማሽ ሲይዝ ሌላው የታችኛውን ይይዛል። ቅብብሉ እንዳይቋረጥ ሁለቱም ሥራ ባይኖራቸውም ትንሽ ኮረንቲ ይፈስባቸዋል። ያ ኮረንቲ ባያስ ነው። ሲያንስ በቅብብሉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ ድምፁም በተለይ ዝቅ ሲል ሻካራ ይሆናል። ማስተካከያዋ ትንሽ ብሎን ናት። እባካችሁ በግምት አታዙሯት። ልኩ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ከተሳሳተም ትራንዚስተሩ ግሎ ይሞታል።

የደረቀ ካፓሲተርና የተሰነጠቀ ብየዳም አሉ። ሞቅ ሲል የሚጠፋና የሚመለስ ብልሽት ከሆነ ብየዳውን ጠርጥሩ።

ድምፁን በጣም ከፍ ሳያደርጉት አንዱ ወገን ከተሰነጠቀ ግን ስፒከሩን ነቅላችሁ የስፒከር መውጫውን በመልቲሜትር (በኮረንቲ መለኪያ) ለኩት፤ መለኪያውን ቀጥተኛ ቮልት (DC V) ላይ አድርጉት፣ ሙዚቃ አይኑር። ሃያ ሠላሳ ሚሊቮልት (የቮልት ሺኛ) ቢያሳይ ችግር የለውም። በቮልት ደረጃ ካሳየ ስፒከር አትሰኩበት፤ ይቃጠላል።

ክዳኑን ስለመክፈት አንድ ነገር ልበል። ውስጡ 220 ቮልት አለ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደግሞ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኮረንቲ ይይዛሉ። ለክተው ባዶ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት አይገባም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ የሚሠራው በ100 ቮልት ነው፤ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ እኛ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የማያውቀው ሰው ክዳኑን ተወት አድርጎ ለሠሪ ያሳይ። «ስፒከሩን አቀያይሬዋለሁ፣ ሞኖ ስጫን አንዱ ብቻ ነው የሚሻክረው» ካላችሁት ግን የግማሽ ቀን ሥራ አቀለላችሁለት።

የአጎቴን ሪሲቨር ሞኖ ስጫነው ግራው ብቻ ሻከረ። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ጠራ። ነቅለነው አደረና በማግስቱ ክዳኑን ከፍቼ መጀመሪያ ካፓሲተሮቹን ለካሁ። የሪሌዩን የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁ። የቀኙ ምላስ ያበራል፣ የግራው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ከነጭ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቀድጄ አልኮል አስነካሁት፣ በሁለቱ ምላሶች መሃል አስገብቼ በጣቴ ጫን አድርጌ ሳብኩት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ሁለተኛው ወረቀት ግራጫ፣ አራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። አጎቴ የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀብለው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ፤ ብዙ አዩት።

ገጥመን ስናበራው ግራው ማሲንቆውን እንደ ቀኙ አወጣው። ጽዳቱ ለጊዜው ነው፤ ምላሱ አንዴ ከተበላ ተመልሶ መጥቆሩ አይቀርም። ሪሌዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ቮልት በስልክ ፎቶ አንስተናል። አሁን አዲሱን እየፈለግን ነው።