ሊፍት ምንድን ነው? ዲፈረንሻሉን የማያነሳው ማንሻ

ሊፍት ማለት ሞላውንና ባሌስትራውን (ተደራራቢውን የብረት ሞላ) ከፍ ባለ በመቀየር ወይም ቀለበት በመጨመር የመኪናውን ሻንሲ ከአክስሉ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ያው ምክር ይደገማል፦ «ዋልካው ካስቸገረህ ሊፍት አስገባ፤ አምስት ሳንቲሜትር ካነሳኸው ዲፈረንሻሉ መሬት አይነካም።» ይነካል። ሃይሉክስን እንውሰድ። የኋላ አክስሉ ከጎማ እስከ ጎማ ወጥ ነው፤ ዲፈረንሻሉም፣ ማለትም ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን፣ እዚያው መሃሉ ላይ ተቀምጧል። ሊፍት የሚያሰፋው ከአክስሉ በላይ፣ እስከ ሻንሲው ያለውን ክፍተት ነው። ከአክስሉ በታች ያለው ባለበት ይቀራል። በቢቸናና በደጀን ሜዳ አይሱዙ ቦይ ባወጣበት መንገድ ላይ የመሃሉን ጉብታ የሚያርሰው ደግሞ ይኸው የኋላ ዲፈረንሻል ነው። የሃይሉክስ የፊተኛው ዲፈረንሻል ሻንሲ ላይ ስለታሰረ አብሮ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ፊቱን አይቶ ነው። በላንድክሩዘር 78 ግን ፊቱም ወጥ አክስል ነው፤ አንዱም አይነሳም።

የአዊን ፈረሰኛ አስቡ። ከኮርቻው ሥር ግላስ ቢደራርብ ከፍ የሚለው ሰውየው ነው፤ የፈረሱ ሆድ ከጭቃው አይርቅም። ሆድን የሚያርቀው የእግር ቁመት ነው፤ የመኪና እግር ጎማው ነው። ግላሱ በበዛ ቁጥር ጠፍሩ ያጥራል፤ በመኪናው ላይ የሚያጥሩት የፍሬን ቱቦውና አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) ናቸው። ቁልቁለት ላይ ፈረሰኛው እንደሚወዛወዝ ሁሉ ሻንሲው ከፍ ያለ መኪናም ኩርባ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል።

ጎማውም ቢሆን ተአምር አይሠራም። የ265/65 አር 17 ጎማ ቁመት 776 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የ265/70 አር 17 ደግሞ 803። አክስሉ የሚነሳው በልዩነቱ ግማሽ፣ 13 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ፍጥነት መለኪያውም በ3 ከመቶ ገደማ አሳንሶ ያነባል።

ታዲያ ሊፍት ለምን ይገባል? ለትልቅ ጎማ ቦታ ይከፍታል፤ የወንዝ ዳር ሲወረድና ሲወጣ አፍንጫና ጭራ እንዳይነካ፣ ጉብታ ሲታለፍም ሻንሲው እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ለዚህ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱት የሃይሉክስ የፊት ሽክርክሪት ዘንጎች አንግል ይከፋል፣ የላስቲክ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይፈስና መገጣጠሚያው ያልቃል። በላንድክሩዘሩ ደግሞ ካስተሩ (የፊት ጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ) ይቀንሳል፤ መሪው ከኩርባ በራሱ መመለስ ይተዋል።

ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁመት ሳይሆን ክብደት ነው፦ መኪናው ዘወትር የሚሸከመው ስንት ኪሎ ነው? ለ300 ኪሎ ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ከገባ ጎማው መንገዱን አይከተልም፤ በጠጠር ላይ ይዘላል። ቁመት የሚለካው በተለመደው ጭነት፣ ከጎማው እምብርት በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ቅስት ድረስ በአራቱም በኩል ነው። ከመሬት ከለኩ የጎማው ንፋስ ያሳስታል።

ከፊት፣ ሞላውን ሳይነኩ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ቀለበት መጨመር ርካሽ ነው፤ ግን የጎማውን እንቅስቃሴ አያረዝምም፣ ወደ ታች ያዞረዋል እንጂ። የ3 ሳንቲሜትር ቀለበትም መኪናውን በ3 ብቻ አያነሳም፤ አሞርዛተሩ የታሰረው በክንዱ መሃል ስለሆነ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከኋላ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም በተቃራኒው ነው፦ 4 ሳንቲሜትር ቢረዝም የሚነሳው 2 ነው፣ አክስሉንም ካለበት አንግል ያዘነብለዋል።

ብዙ ጋራዦች የሚዘነጉት የፍሬን ነገር አለ። በብዙ ሃይሉክሶች የኋላ አክስሉን በዘንግ እየተከተለ የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናው በሊፍት ከፍ ሲል ቫልቩ ጭነት የለም ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ተጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መኪና አብዛኛውን ሥራ በፊት ፍሬን ይሠራል፣ ፍሬኑም ይግላል። የዘንጉ ማሰሪያ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት።

የባሌስትራው ማሰሪያ ብሎኖች አዲስ ይሁኑ። የላስቲክ ቡሽ ያለባቸው ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። አላይመንት በዚያው ቀን ይሠራል፤ ከ1,000 ኪሎሜትር በኋላ ብሎኖቹም አላይመንቱም እንደገና ይታያሉ።