ጂሊብሲ ማነሱና ከርነል ማርጀቱ አንድ አይደለም

ፕሮግራም አልነሳ ባለ ቁጥር «ከርነሉ (ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) አሮጌ ስለሆነ ነው» ማለት ያሳስታል። የሊኑክስ ከርነል ደንብ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፦ በአሮጌ ከርነል ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአዲሱም እንዲሠራ ይጠበቃል፤ አዲስ ፕሮግራም በአሮጌ ከርነል ላይ ይሠራል የሚል ዋስትና ግን የለም።

የስህተት መልእክቱን አስተውላችሁ አንብቡት። «ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም» ካለ ችግሩ የሲ ላይብረሪው፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ፣ እንጂ ከርነሉ አይደለም። የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ኖድ 18 ጂሊብሲ 2.28 ይፈልጋል፤ ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ያለው ግን 2.17 ነው። እዚህ ከርነል ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም። እባካችሁ የሲስተሙን ላይብረሪ በእጅ አትተኩት፤ ፋይል የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ ሳይቀር ትእዛዝ ሁሉ ሊቆም ይችላል። ፕሮግራሙን ኮንቴይነር (ከሌላው ሲስተም ተለይቶ የሚሠራ ጥቅል) ውስጥ ማስኬድ ይሻላል፤ ኮንቴይነር የራሱን ላይብረሪ ይዞ ይመጣልና።

ከርነል ግን ይዞ አይመጣም፤ የሚጠቀመው የአስተናጋጁን ማሽን ከርነል ነው። ስለዚህ የኡቡንቱ 18.04 ኮንቴይነር ከርነሉ 2.6.32 በሆነ ሴንትኦኤስ 6 ላይ «ከርነሉ በጣም አሮጌ ነው» ብሎ ወዲያው ይቆማል፤ የኮንቴይነሩ ጂሊብሲ ቢያንስ ከርነል 3.2 ይጠይቃል። ወይ ከርነሉን ማሳደግ፣ ወይ ቆየት ያለ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ፋይል) መጠቀም ነው።

እንደ ሁኔታው የሚለያየው የከርነሉ ስሪት ቁጥር ትርጉም ነው። የሊኑክስ አዘጋጁ ሬድሃት አዳዲስ ነገሮችን ወደ 3.10 ከርነሉ መልሶ ያስገባ ስለነበር፣ «ዩኔም» የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ለምሳሌ ስለ ፋይል መረጃ የሚጠይቀው፣ ስታትኤክስ የተባለው የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥያቄ) በከርነል 4.11 የመጣ ነው፤ ከርነሉ ካላወቀው ስህተት ይመልሳል። በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ያኔ ወደ ድሮው ስታት ይዞራል፤ ያልተጠነቀቀው ይወድቃል።