«ልጃቸው ነው፣ ምን ያደርጋቸዋል?» አሜሪካ ባሉ አረጋውያን ላይ ስለሚደርስ በደል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ሐበሻ የበዛበት ቦታ ነው። ልጆች ሥራና ኑሮ ሲይዙ እናት አባታቸውን ያስመጣሉ። አብዛኛው ቤት ፍቅር ነው። አንዳንዱ ቤት ግን በሩ ሲዘጋ ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉትን እንዳናይ የሚጋርዱን፣ አፋችን ላይ የለመዱ አባባሎች አሉ።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም»

ወላጅ ማክበር ባህላችን መሆኑ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስድስት ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት በደል እንደሚደርስበት ይናገራል። እኛን ከዚህ የሚያወጣን ነገር የለም። እንዲያውም የእኛ ዝምታ የባሰ ነው። እናት «የልጄን ገመና አላወጣም» ይላሉ፣ ጎረቤትም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል።

«ካልተመቱ በደል አይባልም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ስድብ፣ ማስፈራራት፣ ከሰው መለየት፣ ምግብና መድኃኒት መንፈግ፣ ገንዘብ መውሰድ ሁሉም በደል ነው።

የልጅ ልጅ ማሳደግ ለብዙ እናቶች ደስታ ነው፤ እሱን በደል የሚለው የለም። ግን አንዲት የ70 ዓመት እናት እናስብ። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሕፃናት ይይዛሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው የለም። ፓስፖርታቸው ልጃቸው ጋ ነው። ስልክ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ሲሉ «ማን ይወስድሻል?» ይባላሉ። ማንም እጁን አላነሳባቸውም። ቢሆንም እኚህ እናት ታስረዋል።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ይበልጥ ድብቅ ነው። በስማቸው የሚገባውን ገንዘብ ሌላ ሰው ያወጣዋል፤ የባንክ ካርዳቸውን አይተውት አያውቁም። ወይም አንድ ቀን «ኤምባሲ ሄደን ውክልና ፈርሚልኝ» ይባላሉ፣ አዲስ አበባ ያለው ቤትም ሳያውቁት ይሸጣል። የሚያምኑት ሰው ወረቀቱን ሳያነብላቸው አይፈርሙ። ውክልና የሰጠ ሰው ደግሞ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። የራሳቸው ስልክ፣ የራሳቸው ሂሳብ፣ የሰነዶቻቸው ቅጂ በሚያምኑት ሰው እጅ፦ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ነገር ያስቀራሉ።

«ልጁ ግሪን ካርዳቸውን ያስነጥቃቸዋል»

ይህን ማስፈራሪያ ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ውሸት ነው። ግሪን ካርድ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ያስመጣው ልጅ «መልሱት» ስላለ አይሰረዝም።

ወረቀታቸው ገና ያላለቀላቸውም ቢሆኑ መንገድ አለ። በደል ያደረሰው ልጅ የአሜሪካ ዜጋና ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው ከሆነ፣ አብረውት የኖሩ ወላጅ ቅጽ አይ-360ን ሞልተው በራሳቸው ስም ማመልከት ይችላሉ። ሌሎች መሟላት ያለባቸው ነገሮች ስላሉ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል። ልጁ መስማማት አይጠበቅበትም፤ መንግሥትም አይነግረውም።

«ማስረጃ ሳልይዝ ሰው አልከስም»

ክስ አይደለም። በየስቴቱ «አደልት ፕሮቴክቲቭ ሰርቪስስ» የሚባል፣ አዋቂዎችን ከበደል የሚጠብቅ የመንግሥት አገልግሎት አለ። እርስዎ የሚናገሩት ያዩትንና የጠረጠሩትን ብቻ ነው። ማጣራቱ የእነሱ ሥራ ነው። የጠቋሚውን ስም በምስጢር ይይዛሉ። የአካባቢዎን ቢሮ ካላወቁ 1-800-677-1116 ይደውሉ፤ ይጠቁሙዎታል። አሁኑኑ አደጋ ካለ ግን 911 ነው።

እናቶች በጣም የሚፈሩት «ልጄን ያስሩብኛል» የሚለውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጠያቂ ሠራተኛ እንጂ ካቴና አይደለም። አእምሯቸው ጤነኛ የሆነ አረጋዊ እርዳታውን አልፈልግም ማለትም ይችላሉ። አስተርጓሚ ይጠይቁ። የዲሲ የመንግሥት ቢሮዎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጃቸው ግን በምንም ዓይነት አያስተርጉም፤ እናት በእሱ አፍ እውነቱን ሊናገሩ አይችሉም።

«አርጅተው ነው፣ ይረሳሉ»

የሚረሳ ሰው ለመበደል የተመቸ ነው፤ ቃሉን የሚያምነው ስለሌለ። በድንገት መክሳት፣ ሁለቱም ክንድ ላይ የበለዘ ምልክት፣ ልጅ ሲገባ ዝም ማለት «እርጅና ነው» ተብለው አይታለፉም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ብቻቸውን ሲሆኑ። ቡና ላይ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ። «እማማ፣ ይበድሉዎታል?» ቢባሉ «ኧረ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ይልቅ «ገንዘብዎን የሚይዝልዎ ማነው?»፣ «ሲያሰኝዎት ወጣ ብለው ይመለሳሉ?»፣ «ማታ የሚያስፈራዎት ነገር አለ?» ይበሏቸው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይነግሩዎት ይችላሉ። በሚቀጥለው እሑድም አጠገባቸው ይቀመጡ።